የጨውና የፉርሽካ ግድግዳ

እኔ ታፔላ ጻፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤትም ይሁን ልብስ ሰፊ ቤት፣ ሰሌዳው ላይ ፊደሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመም ካለ የኔ እጅ ነው። መስከረም ላይ የግሸን ተጓዥ ሲመጣ ለአንድ ሰሞን ብቻ የሚወጣው «አልጋ አለ» የሚለውም የኔ ነው። ሴት ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ ቀለም ስትቀባ ማየት ለከተማው ሰው በነጻ የሚታይ ትርኢት ነበር። ከታች ቆሞ ምክር የማይሰጥ መንገደኛ አልነበረም። አንዱ «ወፈር አድርጊው» ይላል፣ ሌላው «ትንሽ ወደ ላይ» ይላል። እኔም አፌ አያርፍ፤ «ብሩሹ ይኸው፣ ና ውጣ» እለዋለሁ። እናቴ ምላስሽ ባል ያሳጣሻል ትለኝ ነበር። እስካሁን አልተሳሳተችም።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ሥራ በሽ በሽ ሆነ። አገር ተለወጠ ሲባል ሁሉም ሰሌዳውን መለወጥ አማረው። «ተስፋ» የነበረው ሻይ ቤት «አዲስ ተስፋ» ተባለ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ እልህ ይዞት «ታላቅ ተስፋ» አስባለ። ሻዩ ሁለቱም ቤት ያው የድሮው ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት የሚከፍት አንድ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ የግድግዳ ፎቶ ያሳየኝ። ግድግዳው ላይ ዓሣ ተሥሏል፤ ከዓሣው ጀርባ ያለው ግን ልሙጥ ቀለም ሳይሆን አለት የሚመስል፣ ሸካራ፣ ጎርበጥበጥ ያለ ነገር ነው። «ዓሣውንስ ማንም ይሥለዋል» አለኝ። «እኔ የምፈልገው ከጀርባ ያለውን ነው። ሰው ሳይነካው ማለፍ እንዳይችል።» ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ከሐይቅ ሱቆች በአንዱም አልነበረም። እናቴ ጓዳ ውስጥ ግን ነበር።

ስለዚህ ጓዳዋን ወረርኩት። እርጥብ ቀለም ላይ የተጨማደደ ፌስታል ለጠፍ አድርገው ቢያነሱት የድንጋይ ስንጥቅ ይሆናል። ጨው በትነው ሲደርቅ ቢያራግፉት ቀለሙ ነጠብጣብ እየሆነ ይቀራል፤ ሐይቁ ላይ ካፊያ ሲወርድ የሚታየው ዓይነት። ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ በሹካ ከተጫረ የታረሰ ማሳ ነው። የእንቁላል ቅርፊት፣ የጆንያ ቁራጭ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ ሁሉም ሥራ አገኘ። እናቴ «ወንፊቴን ያየ» እያለች ቤቱን ስትዞር ወንፊቷ ቀለም ተነክሮ ሰውዬው ግድግዳ ላይ የዓሣ ቅርፊት እያተመ ነበር። ስትደርስብኝ ጉድ ፈላ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ግድግዳውን ልታይ ሄዳ፣ ለማታውቃት አስተናጋጅ «ይሄ እኮ የኔ ወንፊት ነው» እያለች ስታሳይ ያዝኳት።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድም ልኩራራ ብዬ ነው፤ አልዋሽም። አንድም ይህ ሙያ ኋላ ላይ ምን ውስጥ እንደከተተኝ እንዲገባችሁ ነው።

ጦርነቱ እኛ ጋ የደረሰው አዝመራው ሳይሰበሰብ ነው። እንደ ሰው ሁሉ ያገኘነውን ተሸክመን አርዲቦ ዳር ዘመድ ቤት ገባን። ጎረቤታችንም አብረውን ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ጅዳ የሰው መኪና ይነዳል። ከወር በላይ ቆይተን ስንመለስ የኛ ቤት በሩ ተገንጥሎ፣ ጓዳው ተጠርጎ ጠበቀን። ማንኪያ እንኳ አልተረፈም። እናቴ ባዶውን መደርደሪያ ዓይታ ዓይታ፣ «አሁንስ አንቺን አልጠረጥርም» አለችኝ።

የእትዬ ቤት ግን የባሰ ነበር። በሐይቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ከባድ መሣሪያ መትቶት ጥጃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ጣሪያው አለ፤ ሦስቱ ግድግዳም አለ። እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩና «አልሐምዱሊላህ፣ እኛ አልነበርንበት» አሉ። አናጢ ተጠርቶ ማገሩን ነካክቶ፣ ይሄ ግድግዳ እንዳለ ወርዶ እንደገና ካልተሠራ አይሆንም፣ እሱም ከክረምት በኋላ ነው ብሏቸው ሄደ። እሳቸውም ቀዳዳው ላይ ጆንያ ወጥረው ኑሯቸውን ቀጠሉ።

ጣጣው የመጣው ስልክ ሲከፈት ነው። ኔትወርኩ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ «እማ፣ ደኅና ነሽ?» ነበር። ሁለተኛው «ቤታችንን ነኩት?» ነበር። እትዬ ሳያስቡት «ምንም አልሆነ» አሉ። «ነክተውት ቢሆን ወላሂ በማግስቱ ነበር የምመጣው» አላቸው። «መጥቼም እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ እንዳይመስልሽ።»

ይህ ልጅ ያለውን የሚያደርግ ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ አውቀዋለሁ። አሥር ዓመት ሳይሞላው የአባቱን መረብ የሰረቀ ጎረምሳ ተከትሎ በታንኳ ሐይቁን ተሻግሮ፣ ግንባሩ ተፈንክቶ መረቡን ይዞ የተመለሰ ነው። በዚያ ላይ እኩዮቹ ዘምተው ነበር። ከዘመቱትም ውስጥ ድንኳን የተጣለላቸው ነበሩ፤ ሁለቱ ከኛው ሰፈር። እትዬ ለሁለቱም ለቅሶ ተቀምጠዋል።

ልጁ በደወለ ማግስት ጠዋት እትዬ እኛ ቤት መጡና ቁጭ ሳይሉ፣

«አንች ልጅ» አሉኝ፣ «ያን የምግብ ቤት ግድግዳ ድንጋይ ያስመሰልሽው ምን አርገሽ ነው?»

«ምነው እትዬ፣ ምግብ ቤት ሊከፍቱ አሰቡ?»

«ቀልድሽን ተይኝ። ልጁ ፊትሽን በቪዲዮ ካላየሁ እያለኝ ነው። ፊቴን ሲያይ ተኋላዬ ያለውንም ያያል። ያን ካየ ይመጣል። ተመጣ ይዘምታል። ሌላ ልጅ የለኝም።»

ቀልዴን ተውኩ። የተሳሳተ ፊደል ተፍቆ እንደገና ይጻፋል፤ ይሄ ግን የሚፋቅ ነገር አልነበረም። ፈራሁ። ፈርቼም እሺ አልኩ፤ ምክንያቱም እምቢ የሚባሉ ሴት አይደሉም፣ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከጦርነቱ ወዲህ ብሩሽ የሚያስነሳ ሥራ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ጆንያዎች ይሰፉና ቀዳዳው ያለበት ግድግዳ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ይወጠራሉ። ጆንያው ላይ የድሮውን የጭቃ ግድግዳ የሚመስል ልባስ እቀባለሁ። እትዬ ከፊቱ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። እትዬ ሐሳቡን ቢወዱትም ትንሽ ከነከናቸው።

«ውሸት አይሆንብኝም?»

«እርስዎ አንዲት ቃል አይናገሩም። የሚዋሸው ግድግዳው ነው።»

አሰቡበት። «ግድግዳ ደሞ በቂያማ ቀን አይጠየቅም» አሉና ቢስሚላህ ብለው መርፌያቸውን አነሱ።

ኮላ አልነበረም። እንጨት መሰንጠቂያው ተዘርፎ ሰጋቱራም አልነበረም። የነበረው የእርዳታ ስንዴና ከሱ የወጣ ፉርሽካ ነው። ከዱቄቱ ጥቂት በውኃ አፍልቼ ሙጫ አደረግሁት። እትዬ እህል ለግድግዳ ሲውል ማየት አልቻሉም፤ «አላህ አፉ ይበለን» እያሉ ፊታቸውን አዞሩ። ፉርሽካው ሲገባበት ልክ ጭድ ያለበት ጭቃ መሰለ። አመዱ አጠየመው። እንዳይሻግት ብዬ እፍኝ ጨው ጨመርኩ። ሲደርቅ ጨው ጨው የሚለው ነገር ኖራ የነካው ግድግዳ አስመሰለውና ደስ ስላለኝ ሌላ እፍኝ ደገምኩ። በሹካ ጫርኩት፣ በእጄ እያጎበጥኩ ሞዠቅሁት፣ ከሩቅ ሆኜ አየሁት። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

እትዬም ከሩቅ ቆመው አዩት። አፋቸውን አጣመሙ።

«ይሄ የኔ ግድግዳ አይደለም።»

«ምኑ?»

«እጁ። ይህን ቤት የለሰንሁት እኔ ነኝ። እኔ ግራኝ ነኝ። የኔ እጅ የሄደው ወዲያ ነው፣ ያንች ወዲህ። ልጁ ያውቀዋል። ሲያመው እዚያ ግድግዳ ሥር ተኝቶ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ነው ያደገ።»

ነገሩ ገባኝ፤ ንዴቴ ግን ቀደመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ለፍቻለሁ። «ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም? በሉ ይኸው፣ ይለስኑት» ብዬ ሳፋውን ፊታቸው ገፋሁት። ነውር ነው፤ እናቴ ብታየኝ በማማሰያ ትለኝ ነበር። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ግራ እጃቸውን ነከሩና ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች እያጎበጡ ይለስኑት ጀመር። አንዱ መዳፍ ባለቀበት ሌላው ይጀምራል። ከቀትሩ ዙሁር እስከ አሱር ሶላት ጨረሱት። እኔ በሹካና በማበጠሪያ የማላመጣውን ነገር አንዲት ቀን ብሩሽ ያልጨበጡ ሴት በባዶ እጃቸው ሠሩት። ቀናሁባቸው። ዛሬም ሳስበው እቀናለሁ።

የቀረው ትወናው ነው። መሬቱ ላይ በኖራ ክብ አሠመርኩና «ከዚህች አይወጡም» አልኳቸው። ስልኩን የምይዘው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን እጄ ስለተንቀጠቀጠ ልጁ «እማ፣ መሬት ተንቀጠቀጠ እንዴ?» አለ። ከዚያ ግን ለመድን።

«ከስተሻል» ይላል።

«ጾም ነው።»

«ግድግዳው ጠቆረብኝ።»

«አንተ ጅዳ ተቀምጠህ የኔን ግድግዳ መጥቆር ታያለህ? ይልቅ ሶላትህን ትሰግዳለህ?»

እትዬ ጥያቄን በጥያቄ መግደል ያውቁበታል። አንድ ቀን ደግሞ «ሁልጊዜ እዚያችው ለምን ትቀመጫለሽ? እስቲ ተነሽና ጓዳውን አሳዪኝ» አላቸው። «ጓዳ ለወንድ አይታይም» አሉት። ይህንንም ዋጠው። ሌላ ጊዜ ጥላዬን ዓይቶ «አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ፣ «አንተ መኪና ትነዳለህ፣ እኔ ስልክ እነዳለሁ፤ ሁለታችንም ሾፌር ነን» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ግድግዳውን አያይም ነበር፤ ስለዚህ አስቀው ነበር።

እኔም ልክ አጣሁ። በየሳምንቱ አንዳች ነገር መጨመር አማረኝ። የሻይ ቅጠል ዝቃጭ አድርቄ ታችኛውን አጠቆርኩ፤ ጥጉ ላይ በከሰል የሸረሪት ድር ሠራሁ። እትዬ ድሩን ሲያዩ «ቤቴን ቆሻሻ አስመሰልሽው» ብለው በመጥረጊያ ሊያወርዱት ሞከሩ። መጥረጊያው ቢሄድ ቢመለስ ድሩ አልወርድ አለ። ያን ቀን ከሳቅ የተነሳ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ክረምቱ ገባ፣ ዓረፋ ደረሰ። ጦርነቱ ሊያገረሽ ነው የሚል ወሬ ከሰሜን በኩል ይመጣ ጀመር። ልጁ «ምንም ቢሆን ሙክት ይታረድ» ብሎ አስገዛ። ሙክቱ ላቱ መሬት የሚነካ፣ ዓይኑ ኩራት ያለበት ነበር። ውጭ ካደረ ይሰረቃል ተብሎ ከእትዬ ጋር ቤት ውስጥ ታሰረ። በዋዜማው ከአሱር በኋላ ልጁ ደወለ። እትዬ ክባቸው ውስጥ ገቡ፣ እኔ ስልኩን ያዝኩ።

«በጉን አሳዩኝ» አለ።

ምን ክፋት አለው? እናቴን ጠራናት፣ ገመዱን ፈትታ ጎትታ አምጥታ እትዬ አጠገብ አቆመችው። ልጁ «ማሻአላህ» አለ። ሙክቱም ዞር ብሎ ግድግዳውን አሸተተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ወሎ ውስጥ ሙክት ያደለበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ በግ የሚወፍረው ፉርሽካ በጨው ነው። እናቴ ታውቃለች። እኔ አውቃለሁ። እትዬ ስንቱን ሙክት በሱ አድልበው ሸጠዋል። እኛው አንድ ግድግዳ ሙሉ ፉርሽካ በጨው ለውሰን ወጥረን፣ በጉንም እኛው ጎትተን አጠገቡ አቆምን። ሦስት ሴት።

መጀመሪያ ላሰው። እትዬ ሳይዞሩ በክርናቸው ገፉት። ከዚያ ነከሰው።

«እማ፣ በጉ ግድግዳ ይበላል እንዴ?»

«ክረምት ነው፤ ይልሳል» አሉ።

ሳቄ መጣ። ፍርሃቴም አብሮ መጣ። ስልኩን ወደ ጣሪያው አቀናሁት። «አንቺ፣ መልሺው እንጂ» ብሎ ተቆጣ፤ መለስኩት። እናቴ ገመዱን ሳበች። ጥፋት የሆነው እሱ ነው፤ ሙክቱ ጆንያውን በጥርሱ እንደያዘ ወደ ኋላ ተሳበ። ስፌቱ ከላይ ተተረተረና ግድግዳው እንዳለ እትዬ ትከሻ ላይ ወረደ።

ቤቱ በራ። በቀዳዳው በኩል ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ካፊያው ላዩ ላይ እየሄደ ነበር፣ ከማዶ ጉሙ ተራራውን ሸፍኖታል። ስልኩን ማዞር ነበረብኝ። አላዞርኩትም። ለምን እንዳላዞርኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ልጁ ወደ ስልኩ ቀረበ።

«ሐይቁ ነው?» አለ።

«ነው» አሉ እትዬ፤ ፉርሽካው ትከሻቸው ላይ ነበር።

«ከቤት ውስጥ ይታያል?»

«አሁን ይታያል።»

«መቼ ነው የመቱት?»

«እኛ አልነበርንበት። ሰው አልተነካም። ግድግዳ ነው፤ ከክረምት በኋላ ይሠራል።»

ከዚያ ወደ እኔ፣ «አንቺ ነሽ ይሄን የሠራሽው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «እጁ ግን የእናትህ ነው።» ሊስቅ ፈለገ መሰለኝ፤ ያሰማው ግን ሳቅ አልነበረም።

እትዬ ተነሱና ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። ያን ያህል ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ይለምኑት ጀመር። «በጠባኸው ጡት ይሁንብህ፣ እንዳትመጣ። ይፍረስ። ከፈለገ ሁሉም ይፍረስ። ግድግዳ እኔ እለስናለሁ። አንተን ማን ይለስንልኛል? እንዳትመጣ። አልመጣም በለኝ።» ሙክቱ ሲያላምጥ ይሰማ ነበር። እናቴ ገመዱን እንደያዘች ቀስ ብላ ወደ ውጭ አወጣችው።

«አልመጣም በለኝ» አሉት ደግመው።

«እሺ እማ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ አልመጣም» አለ፤ ስልኩም ተዘጋ።

እኔ ተነፈስኩ። ይህ ልጅ ወላሂ ካለ አለቀ፤ አንገቱ ቢቆረጥ አያፈርስም። «በቃ እትዬ፣ ተገላገልን» አልኳቸው እየሳቅኩ። «ሰው ስንት ነገር ሠርቶ ያላገኘውን በግ በአንድ ጉርሻ አገኘው።» እትዬ አልሳቁም። የወደቀው ጆንያ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና የጠቆረውን ስልክ ያዩት ጀመር።

«አልመጣም አለኝ» አሉ።

«እኮ። እሱን አይደል ስንለምን የከረምነው?»

«እሱን ነው።» ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «ወላሂ አልመጣም አለኝ። እስከ መቼ አላልኩት» አሉ፣ ከዚያም ጮክ ብለው አለቀሱ።

እናቴ በጉን ውጭ ትታ ሮጣ ገባች። እትዬን ዓይታ ቀለሟ ተለወጠ፣ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ «ልጁ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ደኅና ነው» አልኳት። «አይመጣም።»